‹‹ተጠቃሚ›› የተባለው ሁሉ ተጠቅሟል?

በየዓመቱ የምንሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፡፡ ‹‹ፕሮግራሙ ይህን ያህል ሺህ ዜጎችን ተጠቃሚ አድርጓል›› የሚል፡፡ ሚኒስትሩም፣ መንግሥታዊ ያልሆነው ድርጅት ዳይሬክተርም፣ ገንዘቡን የሰጠው ለጋሽም ይህንኑ ይላሉ፤ እኛ ጋዜጣ ላይ የምንጽፈውም ሳንለውጥ እናትመዋለን፡፡ የተማርኩት ሕግ ስለሆነ ይሆናል ቃሉን ባየሁት ቁጥር ይቆረቁረኛል፡፡ ‹‹ተጠቃሚ›› የሚለው ቃል ገና መረጋገጥ ያለበትን ነገር እንደተረጋገጠ አድርጎ ይወስዳል፡፡ ሰውየው ሥልጠና ወስዷል፣ ብድር ተቀብሏል፣ ወይም ሁለት በግ ተሰጥቶታል፡፡ ይህ ተቀባይ ያደርገዋል፡፡ መጠቀም አለመጠቀሙ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ማስረጃም ይፈልጋል፡፡ ችሎት ፊት ቆሞ ‹‹ገንዘብ ስለሰጠሁት ጠቅሜዋለሁ›› የሚል ተከራካሪ ቢመጣ፣ ዳኛው መስጠቱን በደረሰኝ ቢያምኑ እንኳ መጥቀሙን ያስረዳ ዘንድ ይጠይቁታል፡፡

ይህን የቃላት ጨዋታ አድርጎ የሚወስድ እንዳይኖር ስለ ገንዘቡ ልናገር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ዩኤስኤይድን ሲዘጋ፣ ለልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራማችን ለዓመታት ከዋነኞቹ ለጋሾች አንዱ የነበረው በር አብሮ ተዘግቷል፡፡ ከዚያ ቀደም ብሎ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ፣ የሚመጣውን የኑሮ ውድነት ድሃው እንዲቋቋመው ከተጠቀሱት መከላከያዎች አንዱ ይኸው ሴፍቲኔት ነበር፡፡ በአንድ በኩል ከፕሮግራሞቹ ብዙ ይጠበቃል፣ በሌላ በኩል ቋቱ ይሳሳል፡፡ እንዲህ ሲሆን የትኛው ይቀጥል፣ የትኛው ይቅር የሚለውን መወሰን አይቀርም፡፡ በአገራችን ልማድ ይህ ውሳኔ የሚሰጠው በማስረጃ ሳይሆን በሹሙ ምርጫና በለጋሹ ፋሽን ነው፡፡

የሚገርመው ማስረጃ ጠፍቶ አለመሆኑ ነው፡፡ ላለፉት ሃያ ዓመታት ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ተመራማሪዎች ከአገራችን ምሁራን ጋር ሆነው ‹‹ድህነትን በእርግጥ የሚቀንሰው የቱ ነው?›› የሚለውን ጥያቄ እዚሁ በእኛው ቀበሌዎች ሲመረምሩ ኖረዋል፡፡ ያገኙት መልስ በእንግሊዝኛ የምርምር መጽሔቶች ታትሟል፡፡ እኛ ጋ ግን ገና አልደረሰም ማለት ይቻላል፡፡

በመጀመሪያ ስለ ዘዴው ጥቂት ልበል፡፡ በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰውን ድርቅ እናስታውሳለን፤ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የአስቸኳይ ዕርዳታ ፈላጊ የሆነበት ጊዜ ነበር፡፡ አንድ ድርጅት በዚያ ዓመት ገብቶ ለገበሬዎች ሥልጠና ሰጠ እንበል፡፡ ከሁለት ዓመት በኋላ ቆጠራ ቢያደርግ ገበሬዎቹ ከቀድሞው የተሻለ ሲበሉ ያገኛቸዋል፡፡ ይህ ታዲያ የሥልጠናው ፍሬ ነው ወይስ የዝናቡ? ‹‹በፊትና በኋላ›› ብቻ የሚያወዳድር ሪፖርት የዝናቡን ውለታ ለሥልጠናው ይሰጣል፡፡ ከውል ውጭ ኃላፊነትን የተማረ ሰው ጥያቄውን ያውቀዋል፤ ‹‹ድርጊቱ ባይፈጸም ኖሮ ውጤቱ ይደርስ ነበር ወይ?›› ይባላል፡፡ ልዩነቱ፣ እኛ በችሎት ይህን በምናብ ስንመልስ፣ ተመራማሪዎቹ በተግባር የሚመልሱበት መንገድ ማግኘታቸው ነው፡፡

መንገዱ ዕጣ ነው፡፡ የአዲስ አበባ ሰው ዕጣን ከኮንዶሚኒየም አሳምሮ ያውቀዋል፡፡ አንድ ሺህ ችግረኛ ኖሮ ገንዘቡ ለአምስት መቶ ብቻ ቢበቃ፣ በዕጣ ይለያሉ፡፡ ዕጣ የደረሳቸውና ያልደረሳቸው ሰዎች ዕጣው ከመውጣቱ በፊት በአማካይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ዝናቡም፣ የዋጋ ንረቱም፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም በሁለቱም ላይ እኩል ናቸው፡፡ ከጊዜ በኋላ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት እንግዲህ የፕሮግራሙ ነው፡፡ ይህን ዘዴ ለድህነት ጥናት በስፋት ያዋሉት የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰሮች አብሂጂት ባነርጂና ኢስተር ዱፍሎ ሲሆኑ፣ ከሥራ ባልደረባቸው ሴንዲል ሙላይናታን ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ዛሬ ‹‹ጄ-ፓል›› እየተባለ የሚጠራውን የምርምር ማዕከል አቋቋሙ፡፡ ከእነርሱ ቀድሞ በኬንያ የጀመረው ማይክል ክሬመር ነበር፡፡ ባነርጂ፣ ዱፍሎና ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል፡፡ በነገራችን ላይ በዚያው ሰሞን የሰላሙ ኖቤል ለጠቅላይ ሚኒስትራችን መሰጠቱ ስለተነገረ፣ ከእኛ ድህነት ጋር የቀረበ ዝምድና ስላለው ሌላኛው ሽልማት ብዙ አልተወራም፡፡

ክሬመርና ባልደረቦቹ በኬንያ ካደረጓቸው ጥናቶች አንዱን መጥቀስ ይበቃል፡፡ መማሪያ መጽሐፍ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ማደል የማይጠቅምበት ምክንያት ለማንም አይታየውም፡፡ በዕጣ ተለይተው መጽሐፍ የታደላቸው ትምህርት ቤቶች ግን አማካይ የፈተና ውጤታቸው አልተሻሻለም፡፡ የተሻሻለው ቀድሞውንም ጎበዝ የነበሩት ተማሪዎች ውጤት ብቻ ነው፡፡ መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ለአብዛኞቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ ነበር፡፡ በሪፖርቱ ዓይን ግን መጽሐፍ የያዘ ልጅ ሁሉ ‹‹ተጠቃሚ›› ነው፡፡

ወደ ቤታችን እንምጣ፡፡ እ.ኤ.አ. 2005 በተባበሩት መንግሥታት ‹‹የማይክሮ ክሬዲት ዓመት›› ተብሎ ተከብሯል፡፡ በተከታዩ ዓመት መሐመድ ዩኑስና ግራሚን ባንክ የሰላም ኖቤል ተሸለሙ፡፡ በእኛም አገር ብድርና ቁጠባ የድህነት መድኃኒት ተብሎ በየመድረኩ የሚወደስበት ዘመን ነበር፡፡ በእነዚያው ዓመታት፣ ከ2003 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች የብድር አገልግሎት በዕጣ ለአንዳንድ ቀበሌዎች ቀድሞ እንዲገባ፣ ለሌሎች እንዲዘገይ ተደርጎ ጥናት ይካሄድ ነበር፡፡ አገልግሎቱ በገባባቸው ቀበሌዎች ተበዳሪው በእጅጉ በዛ፡፡ ከእርሻ፣ ከከብት እርባታ ወይም ከንግድ የሚገኘው ገቢ፣ የልጆች ትምህርት፣ የሴቶች የመወሰን አቅም ሲለካ ግን በአብዛኛው ብድር ካልገባበት ቀበሌ የሚለይ ለውጥ አልታየም፡፡ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ከሕንድ፣ ከሜክሲኮ፣ ከሞሮኮ፣ ከሞንጎሊያና ከቦስኒያና ሄርዞጎቪና ከመጡ አምስት ተመሳሳይ ጥናቶች ጋር ነው፡፡ የስድስቱም ድምፅ ተቀራራቢ ነው፡፡ ብድር ለአንዳንዱ ሰው የመንቀሳቀሻ ነፃነት ይሰጣል፣ እንደሚፈራውም ድሃውን በጅምላ ገደል አይከትም፤ ቤተሰብን ከድህነት ያወጣል የተባለው ግን በአማካይ አልታየም፡፡

እዚህ ላይ ‹‹እኔ የማውቃት ሴትዮ በብድር ሱቅ ከፍታ ልጆቿን አስተምራለች›› የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፡፡ እውነት ነው፡፡ ግን አንድ ምስክር አንድ ምስክር ነው፡፡ ያልተሳካላቸው ቴሌቪዥን ላይ አይቀርቡም፡፡

ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝና ፖሊሲ አውጪዎቻችን ቢያነቡት የምመኘው ግን ስለ ፋብሪካ ሥራ የተደረገው ጥናት ነው፡፡ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት የመንግሥታችን ትልቁ ተስፋ ምን ነበር? ኢንዱስትሪ፡፡ ወጣቱ ፋብሪካ ይገባል፣ ደመወዝ ያገኛል፣ ከድህነት ይወጣል፡፡ የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ይህ ተስፋ ጣራ ነክቶ ነበር፡፡ ከዚያ በፊት ግን ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት ምሁራን ቀላል ጥያቄ ጠይቀው ነበር፡- ፋብሪካ የገባ ሰው ካልገባው ይሻላል ወይ?

በአገራችን ከሚገኙ አምስት ድርጅቶች ጋር ተስማሙ፡፡ ለሥራው ካመለከቱና ብቁ ከሆኑ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በዕጣ ሦስት ቦታ ተመደቡ፡፡ አንደኛው ቡድን ሥራውን አገኘ፡፡ ሁለተኛው በሥራው ፈንታ 300 ዶላርና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኘ፡፡ ሦስተኛው ምንም አላገኘም፡፡ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ ፋብሪካ የገቡት ረዘም ያለ ሰዓት ቢሠሩም ገቢያቸው ምንም ካላገኙት ብዙም አይበልጥም፤ የሰዓት ክፍያው ውጭ ከሚገኘው ያነሰ ነበርና፡፡ አብዛኞቹም ሥራውን ትተው ሄደዋል፡፡ በዚህ ላይ በፋብሪካ በቆዩበት በእያንዳንዱ ወር ከባድ የጤና ችግር የሚገጥማቸው ሰዎች ድርሻ በአንድ መቶኛ ነጥብ ይጨምር ነበር፡፡ ገንዘቡን የወሰዱት ግን ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ፡፡

አሠሪዎች ‹‹ሠራተኛው አይረጋም፣ የኢንዱስትሪ ዲሲፕሊን የለውም›› ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምተናል? በዚህ ጥናት ዓይን ግን ሥራውን የለቀቀችው ወጣት ዲሲፕሊን የጎደላት ሳትሆን ሒሳብ የምታውቅ ናት፡፡ አደጋውንም አስቀድማ ታውቀዋለች፤ የገባችው ሌላ እስክታገኝ ነው፡፡

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ‹‹ፋብሪካው ይቅር፣ ገንዘቡን በእጃቸው ስጧቸው›› የሚል መደምደሚያ ይወጣው ነበር፡፡ አንዳንዶችም ያንን ብለዋል፡፡ ተመራማሪዎቹ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ሰዎቹን ፈልገው አገኟቸው፡፡ በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል፡፡ ገንዘብ የወሰዱት ያቋቋሙትን ጥቃቅን ንግድ ትተውታል፤ የፋብሪካው የጤና ጉዳትም ጊዜያዊ ሆኖ ተገኝቷል፡፡ ሁሉም ተቀራርበዋል፡፡ እኔ ይህን ውጤት የምወደው ማንንም ስለማያስደስት ነው፡፡ የኢንዱስትሪ አቀንቃኙም፣ የጥሬ ገንዘብ ዕርዳታ አቀንቃኙም በአምስተኛው ዓመት ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል፡፡ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ፣ አንድ ነገር ብቻ የሚነካ ድጋፍ ሩቅ አይሄድም ማለት ይመስላል፡፡ የሐዋሳውም ተስፋ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አገራችን ከአጎዋ ዕድል ስትወጣ የደረሰበት ይታወቃል፤ ያ ሌላ ርዕስ ነው፡፡

አዲስ አበባ ላይ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን የተከታተለ ሌላ ጥናት፣ ግሩም አበበን ጨምሮ በስድስት ምሁራን የተሠራ፣ ተመሳሳይ ትዕግሥት አሳይቷል፡፡ ለአንዱ ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው፤ የሥራ ማስታወቂያ ለማየት ከዳር ከተማ መሐል ድረስ መመላለስ ውድ ነውና፡፡ ለሌላው ስለ ሥራ አመለካከት፣ ስለ ቃለ መጠይቅና ችሎታን ለቀጣሪ ስለ ማሳየት አጭር ሥልጠና ተሰጠው፡፡ በመጀመሪያ ሁለቱም መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨመረ፡፡ ከአራት ዓመት በኋላ የትራንስፖርቱ ውጤት በንኖ፣ የሥልጠናው ግን በገቢም በሥራ መርጋትም ጎልቶ ተገኘ፡፡ በስድስተኛው ወር ተለክቶ ፋይሉ ቢዘጋ ኖሮ ሁለቱን እኩል እናደርጋቸው ነበር፡፡ የእኛ የፕሮጀክት ሪፖርቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጉት ገንዘቡ ባለቀበት ወር ነው፡፡

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ፣ ወደ ሴፍቲኔት ልግባ፡፡ የገጠሩ ልማታዊ ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፡፡ በየዓመቱ ‹‹ተረጂ›› ተብሎ ለስንዴ የሚሰለፈውን ሕዝብ አስቀድሞ በሚታወቅ ክፍያ ለመያዝ፣ መሥራት የሚችለውን በማኅበረሰብ ሥራ ለማሰማራት፣ ለማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ለመስጠት፡፡ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ነው፡፡ ዕጣ ባይኖርበትም፣ ዶ/ር ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ተመሳሳይ ቤተሰቦችን በማነጻጸር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መርምረዋል፡፡ ያገኙት፣ ፕሮግራሙ በአማካይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ መሆኑን ነው፡፡ ከምክንያቶቹ አንዱ በጣም ተራ ነው፤ ለሰዎቹ የተከፈላቸው ሊከፈላቸው ከታቀደው እጅግ ያነሰ ነበር፡፡ ከታቀደው ቢያንስ ግማሹን ያገኙት የምግብ ዋስትናቸው በአንዳንድ መለኪያዎች ተሻሽሏል፡፡ ከክፍያው ጋር የግብርና ድጋፍ ያገኙት ደግሞ ይበልጥ ተሻሽሏል፡፡ ‹‹ዕርዳታ ሰነፍ ያደርጋል›› ለሚለው የከተሜ ብሂላችንም ማስረጃ አልተገኘም፡፡

ይህ ውጤት ስለ ምን ይናገራል? ስለ ድሃው ባሕርይ ሳይሆን ስለ ከፋዩ፡፡ ክፍያው ሲዘገይና ሲጎድል ቆይቶ ‹‹ፕሮግራሙ አልሠራም›› ማለት ተዋዋይ ግዴታውን ሳይወጣ ውሉን እንደ መውቀስ ነው፡፡

‹‹ምረቃ›› የሚባል ቃልም ነበረ፡፡ ጥሪት ያፈራ ቤተሰብ ከሴፍቲኔት ይመረቃል፡፡ ችግሩ በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ዘመን ምረቃ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ኮታ ሆነ፡፡ ወረዳው የተመራቂ ቁጥር ማስመዝገብ ነበረበት፡፡ ዲፕሎማውን የሚሰጠው ራሱ ኮታ ያለበት አካል ሲሆን፣ የተመራቂው ቁጥር ስለ ገበሬው ጎተራ የሚነግረን ነገር የለም፡፡

በእርግጥ የሚያስመርቅ ነገር አለ ወይ የሚለው ግን በሌላ ጥናት ተፈትሿል፡፡ ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው አካሄድ ነው፡፡ ለእጅግ ድሃው ቤተሰብ ከብት ወይም ሌላ ጥሪት ይሰጠዋል፤ ጥሪቱን አርዶ እንዳይበላ ለጊዜው የምግብ ወይም የገንዘብ ድጋፍ ይሰጠዋል፤ ሥልጠና፣ ቁጠባና በየጊዜው ቤቱ መጥቶ የሚጎበኘው ሰው ይጨመርለታል፡፡ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ለሁለት ዓመት፡፡ ይህ በስድስት አገሮች፣ በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በሆንዱራስ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በፔሩ ከአሥር ሺህ በሚበልጡ ቤተሰቦች ላይ በዕጣ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ‹‹ሳይንስ›› መጽሔት ላይ ወጣ፡፡ የኢትዮጵያው የተካሄደው በትግራይ፣ በትግራይ መረዳጃ ማኅበር (ማረት) አማካይነት ሲሆን፣ የምግብ ድጋፉን የሸፈነው ሴፍቲኔቱ ነበር፡፡ ፕሮግራሙ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም ቤተሰቦቹ የተሻለ ይበሉ፣ የበለጠ ጥሪት ይይዙ ነበር፡፡ የሚያስገኘው ጥቅም ከወጪው ጋር ሲሰላ በአምስቱ አገሮች ወጪውን አልፎ የሄደ ነው፤ ከጋናው 133 በመቶ እስከ ሕንዱ 433 በመቶ፡፡ በሆንዱራስ ግን ከሰረ፤ ለብዙዎቹ የተሰጡት ዶሮዎች በበሽታ ስላለቁ፡፡ ጥናት ማለት እንዲህ ነው፤ የዶሮዎቹን ሞት አይደብቅም፡፡

ትግራይ የሚለውን ስጽፍ እጄ መያዙ አልቀረም፡፡ በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጦርነት እንዲህ በጥንቃቄ የተቆጠረውን ጥሪት ምን እንዳደረገው ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፡፡ የትኛውም ጥናት ሰላምን እንደ አንድ ‹‹ጣልቃ ገብነት›› በዕጣ ሊሞክረው አይችልም፡፡

የከተማው ሴፍቲኔት ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሮናል፡፡ ማለዳ ብርቱካናማና ቢጫ ሰደርያ ለብሰው መንገድ የሚጠርጉ፣ ቦይ የሚከፍቱ እናቶችን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም፡፡ ፕሮግራሙ ሲጀመር ቀድመው የሚገቡት ወረዳዎች የተለዩት በዕጣ ነበር፡፡ በዚህ ላይ የተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ2024 በታዋቂው ‹‹አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው›› የታተመው ጥናት፣ ከእናቶቹ ክፍያ ባሻገር ተመልክቷል፡፡ እነርሱ በሕዝብ ሥራ ሲሰማሩ ለግል አሠሪ የሚቀርበው ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ የግል ቀጣሪው ደመወዝ ለመጨመር ይገደዳል፡፡ ፕሮግራሙ በከተማዋ ሁሉ ሲዳረስ የግሉ ዘርፍ ደመወዝ በ18.6 በመቶ እንደሚያድግ ተገምቷል፡፡ የሠፈሩ ንጽሕናም ይሻሻላል፡፡ እነዚህ ተዘዋዋሪ ጥቅሞች ሲደመሩ ድሃው የሚያገኘው ጥቅም ስድስት እጥፍ ይሆናል፡፡ ‹‹መንገድ ማስጠረግ ምን ልማት ነው?›› ለሚሉ፣ እኔም በየማኅበራዊ ስብሰባው ለምሰማቸው ሰዎች፣ ይህ ቁጥር ይድረሳቸው፡፡ ፕሮግራሙ በመዝገቡ ላይ የሌሉ ሰዎችንም ጠቅሟል፡፡ ‹‹ተጠቃሚ›› የሚለው ቆጠራችን እንግዲህ አንዳንዴ አብልጦ፣ አንዳንዴም አሳንሶ ይሳሳታል፡፡

ዘዴው ተቃዋሚ የለውም አይደለም፡፡ የ2015ቱ የኖቤል ተሸላሚ አንገስ ዲተን፣ በአንድ ቦታ የሠራ ነገር ሌላ ቦታ ይሠራል ለማለት ዕጣው ብቻ አይበቃም፣ ለምን እንደሠራ ማወቅ ያስፈልጋል ሲሉ ቆይተዋል፡፡ ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ፡፡ የኬንያ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ምስክር ናቸው፤ በኮንትራት መምህራን መቅጠር መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ሲመራ የተማሪዎችን ውጤት አሻሻለ፤ ያው ፕሮግራም በዚያው ጥናት ውስጥ በመንግሥት ሲመራ ግን ምንም አላመጣም፡፡ አንድ ሐሳብ ትክክል ሆኖ በፈጻሚው ሊሞት ይችላል፡፡ ሌሎችም አሉ፤ ቻይናና ደቡብ ኮሪያ ከድህነት የወጡት በበግ ዕደላ ጥናት አይደለም የሚሉ፡፡ ይህም እውነትነት አለው፤ የምንዛሪ ፖሊሲን በዕጣ ለግማሽ አገር መስጠት አይቻልም፡፡ ነገር ግን ትልቁን ጥያቄ ዕጣ ስለማይመልሰው ትንሹንም ሳንጠይቅ ቢሊዮን ብር እናውጣ ማለት አይደለም፡፡

ለሕግ ሰው ይበልጥ የሚከብደው የዕጣው ፍትሐዊነት ነው፡፡ ሁለት እኩል የተራቡ ሰዎች ቆመው አንዱን ‹‹አንተ ማነጻጸሪያ ነህ›› ማለት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 የእኩልነት መርሕ አይጥስም ወይ? ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ እያለ ለጥናት ሲባል መከልከል ከሆነ፣ ይጥሳል፤ አልቀበለውም፡፡ ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ ግን አማራጩ ምንድን ነው? ኮሚቴ ነው፡፡ የቀበሌ ኮሚቴ ማንን እንደሚያስቀድም የምናውቅ ሰዎች፣ ዕጣ ከዝምድና፣ ከፖለቲካ ታማኝነትና ከጉቦ የራቀ አከፋፈል መሆኑን አንክድም፡፡ የሚቀረው ሰዎቹ ምን ውስጥ እንደገቡ በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸው መስማማታቸው ነው፡፡

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኔ ቅሬታ ከተመራማሪዎቹ ይልቅ ከእኛ ጋር ነው፡፡ በአገራችን ‹‹ግምገማ›› ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ጓዶች ተሰብስበው ሂስና ግለ ሂስ የሚያደርጉበት አዳራሽ ነው፡፡ ሰው እንገመግማለን እንጂ ፕሮግራም አንገመግምም፡፡ ፕሮግራሙ ካልሠራ ‹‹የአፈጻጸም ችግር›› ይባላል፤ ሐሳቡ ራሱ ስህተት ሊሆን እንደሚችል የሚጠይቅ መድረክ የለም፡፡

የሕግ መሠረቱ ግን አለ፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፡፡ ምን እንደሠራና እንዳልሠራ ያልተነገረው ሰው ምን ሐሳብ ይሰጣል? አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘት ነፃነትን ያውቃል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590ም ይህን በዝርዝር ደንግጓል፡፡ አንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ምግብና ማኅበራዊ ዋስትና ለሁሉም እንዲዳረስ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ያዛል፡፡ ‹‹አቅም በፈቀደ መጠን›› የሚለውን ሐረግ ባለሥልጣናት እንደ ማምለጫ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፡፡ እኔ ግን በተቃራኒው አነበዋለሁ፤ አቅም ውስን ከሆነ ያንን ውስን አቅም በማይሠራ ነገር ላይ ማባከን አንቀጹን መጣስ ነው፡፡ የማስረዳት ሸክሙም የሚወድቀው ገንዘቡን በሚያወጣው ላይ እንጂ በሚጠይቀው ዜጋ ላይ አይደለም፡፡

ምን ይደረግ ለሚለኝ ብዙ አልጠይቅም፡፡ አዲስ የድህነት ቅነሳ ፕሮግራም በአገር ደረጃ ከመስፋፋቱ በፊት ከማን ጋር ተነጻጽሮ እንደሚለካ በሰነዱ ውስጥ ይጻፍ፤ መለኪያው ከመጀመሩ በፊት ይገለጽ፣ በኋላ ቁጥር እንዳይመረጥ፡፡ ውጤቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ ይታተም፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና ጥናቱ በተካሄደበት ሕዝብ ቋንቋ፡፡ ልካውን የሚሠራው ፕሮግራሙን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት አይሁን፡፡ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ የሚበቁ ሰዎች አሏቸው፤ እስካሁን በአብዛኛው የተጠቀምንባቸው ለውጭ ፕሮፌሰሮች መጠይቅ እንዲያስሞሉ ነው፡፡

ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅም አያስፈልግም፡፡ የፌዴራል ዋና ኦዲተር የክዋኔ ኦዲት የማድረግ ሥልጣን አለው፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ያቀርባል፡፡ በጀቱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 በፊት ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ‹‹ይህን ያህል ሚሊዮን ዜጎችን ተጠቃሚ አድርገናል›› የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ሚኒስትሩን ‹‹ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸሩስ?›› ብሎ መጠየቅ ይችላል፡፡ መልስ ከሌለ፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ የጭማሪው በጀት ይቆይ፡፡ ለእናቶቹ የሚከፈለው ግን አይቆይ፤ በመዘግየቱ የሚመጣውን ጉዳት ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራው ጥናት አስቀድሞ ነግሮናል፡፡